ያረጀ ሐዲድና የሚዘጋ ማቋረጫ፦ ከየካ በኩል የተደረገ ዳሰሳ

ከመገናኛ ተነስቶ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ በኩል አያት የሚደርሰው የቀላል ባቡር መስመር በሰፊ መንገድ መሃል ለመሃል የተዘረጋ፣ ግራና ቀኙ በአጥር የተከለለ ነው። ከመስመሩ በስተሰሜን ላምበረትና ኮተቤ፣ ከእነሱም በላይ የየካ ተራራና የእንጦጦ ሰንሰለት ይገኛሉ፤ በስተደቡብ ገርጂና የቦሌ ሰፈሮች አሉ። በሁለቱ ወገን የሚኖረው ሰው ለገበያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለሥራ ይህን መስመር በየቀኑ ይሻገራል። ስለዚህ ሐዲድ የሚነሳበት፣ ጠጠር የሚታደስበት ወይም ማቋረጫ የሚጠገንበት ቀን የባቡር ድርጅቱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያልቅም፤ የታክሲ ሾፌሩም፣ የተማሪውም፣ የአምቡላንሱም ጉዳይ ይሆናል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። የሰሜን–ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የምሥራቅ–ምዕራቡ ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመሩ። ሥራውን የሠራው የቻይና ምድር ባቡር ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ ከ475 ሚሊዮን ዶላሩ ወጪ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ሁለቱ መስመሮች በድምሩ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሏቸው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባቡሮቹ የሚንቀሳቀሱት ከላይ በተዘረጋ ሽቦ በሚመጣ የ750 ቮልት ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የካን የሚመለከተው ከጦር ኃይሎች የሚመጣው የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ምሥራቃዊ ክንፍ ነው። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ሲቋቋም የአያት አካባቢ ወደ አዲሱ ክፍለ ከተማ ስለገባ፣ ዛሬ አንድ መስመር በየካ፣ በቦሌና በለሚ ኩራ አስተዳደሮች አጠገብ ያልፋል። ይህ የአስተዳደር ዝርዝር ቢመስልም፣ መንገድ መዝጋት ሲመጣ ሦስት ክፍለ ከተማ ማነጋገር ማለት ነው።

አሥር ዓመት ያለፈው መስመር አርጅቷል ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም፤ የሐዲድ መስመር ክፍሎች እኩል አያረጁምና። በቀጥታ መስመር ላይ ያለ የብረት ሐዲድ ጥሩ ጥገና ካገኘ ከ30 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል። በጠመዝማዛ ላይ ያለው ግን የባቡሩ መንኮራኩር ጠርዙን እያሸው ከዚያ በጣም ባነሰ ዕድሜ ያልቃል። ባቡር በየጣቢያው ፍሬን በሚይዝበትና በሚነሳበት ቦታ የሐዲዱ ፊት በጥቃቅን ሞገዶች ይሸበሸባል፤ ጣቢያ አካባቢ የሚሰማው ጉርምርምታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ሐዲዱን ከኮንክሪት አግዳሚው ጋር የሚይዙት የብረት ማሰሪያዎችና ከሥራቸው የሚገባው ጎማ ከሐዲዱ ቀድመው ይደክማሉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው መስመር ማስቀየሪያው ነው፤ የሚንቀሳቀስ ምላስ አለውና። በእንግሊዝ የሼፊልድ ከተማ ትራም በ1994 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሞላው በመንገድ ውስጥ የተቀበረውን ሐዲድ ክፍል በክፍል መተካት ግድ ሆኖበታል። አዲስ አበባም ከዚያ በጣም የተለየ ዕድሜ የምትጠብቅበት ምክንያት የለም።

በየካ ላይ ግን ከብረቱ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ከብረቱ ሥር ያለው ነው። በምድር ላይ የተዘረጋው የመስመሩ ክፍል በጠጠር ላይ የተቀመጠ ነው። ባላስት የሚባለው ይህ ጠጠር ሦስት ሥራ አለው፦ የባቡሩን ክብደት ያሰራጫል፣ አግዳሚውን ከመንሸራተት ይይዛል፣ ውኃ ያሳልፋል። ሦስተኛው ሲቆም ሁለቱም ይቆማሉ። ከከተማዋ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ያለው ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ውኃ የጠገበው መረሬ ባቡር ባለፈበት ቁጥር እየተጨመቀ ጭቃውን ወደ ላይ፣ በጠጠሩ መካከል ይተፋል። ጭቃ የገባበት ጠጠር አንዴ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ አንዴ እንደ ጨቀየ ሜዳ ይለሰልሳል፤ አግዳሚው በላዩ ይንሳፈፋል፣ ሐዲዱም እዚያው ቦታ ላይ ይዘነብላል።

እንጦጦ በዚህ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። ጫፉ ወደ 3200 ሜትር ከፍታ የሚጠጋው ይህ ሰንሰለት የከተማዋ የዝናብ ውኃ ራስ ነው፤ ቀበናን የመሰሉ ወንዞች ከሱ ተነስተው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። በሐምሌና በነሐሴ ከየካ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ደቡብ ሲሄድ የኮተቤን መንገድ፣ ቀጥሎም የባቡሩን መስመር ማቋረጥ አለበት። ባሕር ዛፍ የበዛበት ቁልቁለት ደግሞ ከዛፉ ሥር ሣር ስለማይበዛበት አፈሩን አጥብቆ አይዝም፤ ጎርፉ ደለል ይዞ ይመጣል፣ ደለሉም በመስመሩ ሥር ባለው ቱቦና ቦይ ውስጥ ይቀመጣል። ቱቦው ከክረምት በፊት ካልተጠረገ ውኃው ወደ ጠጠሩ ይመለሳል። አንድ ሐዲድ በሃያ ዓመቱ ይሁን በአሥራ ሁለት ዓመቱ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ በግንቦት የቱቦ ጠራጊ ቡድን በመውጣቱ ወይም ባለመውጣቱ ነው። በዚህ ላይ የቀጥተኛው ኤሌክትሪክ ጉዳይ ይጨመራል፦ ኃይሉ የሚመለሰው በሐዲዱ በኩል በመሆኑ፣ ሐዲዱ በእርጥብ ጭቃ ከተከበበ ጥቂቱ ወደ መሬት እያፈተለከ የሐዲዱን እግርና በአጠገቡ የተቀበረ የብረት ቧንቧን ይበላል።

ማቋረጫ እነዚህ ችግሮች ሁሉ የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። ሰውና መኪና እንዲያልፍ ሐዲዱ በኮንክሪት ንጣፍ፣ በጎማ ንጣፍ ወይም በአስፋልት ይሸፈናል፤ ለባቡሩ መንኮራኩር ጠርዝ ብቻ ጠባብ ቦይ ይተዋል። በዚያች ቦይ ውኃ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ቆሻሻ ይገባል። ንጣፉ ስለሸፈነው ሠራተኛው ማሰሪያውን አያየውም፣ ጠጠሩንም መነቅነቅ አይችልም። ስለዚህ የማቋረጫ ሐዲድ በግራና በቀኝ ካለው ሐዲድ ቀድሞ ያረጃል፤ ሲያረጅ ደግሞ ባቡሩንም መንገዱንም አብሮ ይጎዳል።

ኢትዮጵያ ሐዲድን በጊዜ አለማደስ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ወደ ውጭ ማየት አያስፈልጋትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የጅቡቲው መስመር ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከወደቡ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሥራው ለዓመታት ከተጓተተ በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ራሱ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መስመር የአንድ ሜትር ስፋት ነበረው፤ የተዘረጋውም በሜትር ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም በሚመዝን ቀጭን ሐዲድና በብረት አግዳሚ ነበር። የዛሬው መደበኛ ሐዲድ በሜትር 50 ወይም 60 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ሲታሰብ ልዩነቱ ይታያል።

ቀጭን ሐዲድ ክፉ ነገር አይደለም፤ ለዘመኑ ጭነት ይበቃ ነበር። ችግሩ ባቡሩ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ እየተለወጠ፣ የአገሪቱም ጭነት እየበዛ ሲሄድ ሐዲዱ በብዙ ቦታ ያው መሆኑ ነው። በደከመ ሐዲድ ላይ አንድ መፍትሔ ብቻ አለ፦ ፍጥነት መቀነስ። ፍጥነት ሲቀንስ ጉዞው ይረዝማል፣ ጉዞው ሲረዝም ነጋዴው ጭነቱን ለከባድ መኪና ይሰጣል፣ ጭነቱ ሲሸሽ የእድሳት ገንዘብ ይጠፋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለወራት መቆራረጡ ጉዳቱን አባባሰው። የድሬዳዋ የጥገና ጣቢያ ሠራተኞች መለዋወጫ ራሳቸው እያበጁ ባቡሩን ከሚታሰበው በላይ ማቆየታቸው በታሪካቸው ሊጻፍ የሚገባ ነው፤ ሆኖም ወርክሾፕ ሐዲድ አይወልድም። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው የእድሳት ሥራ ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ባቡር መመላለሱን አቆመ። ሐዲዱ በከተማዋ ውስጥ ከፊሉ ተነቀለ፣ ከፊሉ በግንባታ ተሸፈነ። በየጊዜው ለጥቂት ሰዓት መዘጋት ያልተፈቀደለት መስመር በመጨረሻ ለሁልጊዜ ተዘጋ፤ ዳሰሳው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ፍሬ ነገር ዙሪያ ነው።

አዲሱ የኢትዮ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር መስመሩ በአዲስ ስፋትና በአዲስ መሬት ላይ የተሠራ ነበር፤ የአሮጌው እድሳት አልነበረም። ስለዚህ አገሪቱ ሐዲድ መዘርጋትን ሁለት ሦስት ጊዜ ተምራለች፤ ባቡር እየሄደበት ያለ መስመርን በሰፊው መተካትን ግን ገና በደንብ አልተለማመደችም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መስመር ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው፦ ባቡር ያልሄደበት ሐዲድም ያረጃል። ጠጠሩ አረም ያበቅላል፣ ቦዩ ይደፈናል፣ ማሰሪያና ሽቦ ይሰረቃል፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም መስመሩ ለዘረፋና ለጉዳት ተጋልጧል።

መተካት ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚተካ መታወቅ አለበት። የመስመር ተቆጣጣሪ በእግሩ እየሄደ የላላ ማሰሪያ፣ የተሰነጠቀ አግዳሚ፣ ጭቃ የተፋ ጠጠር ይመዘግባል። ዓይን የማያየውን የሐዲድ ውስጥ ስንጥቅ በአልትራሳውንድ መሣሪያ መፈለግ ይቻላል፤ የሐኪም ቤቱ መሣሪያ በሚሠራበት ብልሃት የሚሠራ ነው። የሐዲዱን ስፋት፣ ከፍታና ዝንባሌ የሚለካ ጋሪም አለ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው መዝገቡ ነው፦ አንድ ቦታ በሦስት ክረምት ሦስት ጊዜ ከዘነበለ መለወጥ ያለበት ሐዲዱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው መሬት ነው። ይህን ሳያዩ አዲስ ሐዲድ ማስቀመጥ ውድ ብረትን በአሮጌ ጭቃ ላይ ማባከን ነው፤ በጀት ያዡ ደግሞ በዓይን የሚታየውን ብረት መግዛት ስለሚቀናው ይህ ስህተት በየትም አገር ይደጋገማል።

ሐዲድ ብቻ የሚለወጥበት ሥራ በሌሊት ያልቃል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሲጀመር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እንዲሠራ ታስቦ ነበር፤ በወረቀት ላይ ስምንት ሰዓት ይቀራል። ሆኖም ኃይል ተቋርጦ ሽቦው ከመሬት ጋር እስኪታሰር፣ መሣሪያ እስኪገባ፣ ሥራው ካበቃ በኋላም ተፈትሾ ኃይል እስኪመለስ ብዙ ጊዜ ይሄዳል፤ ለሥራ የሚተርፈው አምስት ሰዓት ያህል ነው። በዚህ ውስጥ አሮጌው ሐዲድ በመጋዝ ተቆርጦ ይነሳል፣ አዲሱ ይገባል፣ ማሰሪያው ይጠብቃል፣ ጫፍና ጫፉ ይበየዳል። የተለመደው ብየዳ የአሉሚኒየምና የብረት ዝገት ዱቄት ድብልቅ ተለኩሶ የሚቀልጥበት፣ ሙቀቱ ከ2000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍ ነው፤ ሁለቱን ጫፎች ማስተካከል፣ ማሞቅ፣ ማፍሰስ፣ መከርከምና መሞረድ ተደምሮ ለአንድ መጋጠሚያ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይወስዳል።

የአዲስ አበባ አየር እዚህ ላይ ስውር ወጥመድ አለው። ከተማዋ ሙቀት የላትም ቢባልም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀትሩ ጠራራ ነው፤ ፀሐይ የመታው ብረት ደግሞ ከአየሩ በጣም ይበልጥ ይግላል። ያልታሰረ አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የተበየደ ሐዲድ ግን ታስሯልና መርዘም አይችልም፤ ጉልበቱን በውስጡ ይይዛል። በሌሊት ብርድ ያለ ማስተካከያ የተበየደ ሐዲድ በቀትር ወደ ጎን ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው የሐዲዱን ሙቀት ይለካል፤ ከቀዘቀዘ በመሣሪያ ስቦ ወይም አሙቆ እንደ መካከለኛው ሙቀት ካደረገው በኋላ ያስረዋል። ይህን የማያደርግ ፈጣን ሥራ ለመጋቢት ፀሐይ ወጥመድ ያስቀምጣል።

ማቋረጫን መተካት ግን በአንድ ሌሊት አይሆንም። መጀመሪያ አስፋልቱ በሁለቱም በኩል ይቆረጣል፣ ንጣፉ ይነሳል። ሐዲዱና አግዳሚው እንደተያያዙ በክሬን ይወጣሉ። ጭቃ የጠጣው ጠጠር እስከ መሬቱ ይቆፈራል፤ መሬቱ ይጠቀጠቃል፣ በላዩ ጭቃ ከጠጠር የሚለይ ጨርቅ ይነጠፋል፣ የውኃ መውረጃ ቱቦ ይቀበራል። ከዚያ አዲስ ጠጠር፣ ቀድሞ ሌላ ቦታ ተገጣጥሞ የተዘጋጀ የሐዲድ ክፍል፣ ብየዳ፣ ጠጠሩን በማሽን መጠቅጠቅ፣ ንጣፍ፣ በመጨረሻም የመዳረሻው አስፋልት ይከተላል። በጥሩ ዝግጅት ከሁለት እስከ አምስት ቀን ይበቃል፤ ያለ ዝግጅት ሳምንታት ይሄዳል። የዝግጅት ትርጉም ቀላል ነው፦ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ብሎን በቦታው ተቆጥሮ ተቀምጧል ወይ? ጉድጓዱ ተከፍቶ ዕቃ ከጉምሩክ የሚጠበቅበት ሥራ ካለ፣ መንገዱ መዘጋት አልነበረበትም። ባቡር ጥቂት ቀን ከተመላለሰ በኋላ ጠጠሩ ስለሚቀመጥ ዳግመኛ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁለተኛ አጭር መዝጊያ በመጀመሪያው ማስታወቂያ ውስጥ ካልተነገረ ነዋሪው ሥራው እንደተበላሸ ይቆጥረዋል።

እዚህ ላይ በሁለት መንገድ መካከል መምረጥ ይመጣል፦ ለብዙ ሌሊት ጥቂት ጥቂት መሥራት፣ ወይም ለጥቂት ቀን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ መጨረስ። የመጀመሪያው ለተሳፋሪ ይመቻል፤ ግን በየሌሊቱ ግማሹ ሰዓት በመግባትና በመውጣት ይበላል፣ ሠራተኛው ይደክማል፣ ጫጫታው የሰፈሩን እንቅልፍ ለሳምንታት ይነሳል፣ ጥልቅ ቁፋሮም አያስችልም። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ያስቸግራል፤ ሆኖም ሥራው ንጹሕ ይሆናል፣ መጨረሻውም ይታወቃል። በቀጥታው መስመር ላይ ሌሊቱ ይበቃል። ጥቁር አፈር ላይ ላለ ማቋረጫ ግን የሚሻለው መዝጋት ነው፤ መሬቱ ካልተነካ በሁለት ክረምት ውስጥ ተመልሶ ይዘጋልና። ባቡሩ በሚቆምበት ጊዜ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ መካከል የከተማ አውቶቡሶችን እንደ ድልድይ ማሠማራት ይቻላል፤ ለባቡሩ የተቆረጠ ትኬት በአውቶቡሱም እንዲሠራ ካልተደረገ ግን ተሳፋሪው ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

መንገድ የሚዘጋው በካርታ ላይ ሲሆን፣ ትራፊኩ የሚሄደው በመልክዓ ምድሩ ላይ ነው። በየካ ይህ ከሌሎች ክፍለ ከተሞች ይልቅ ይከብዳል። በሰሜኑ በኩል ከመገናኛ በላምበረትና በኮተቤ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚወጣው መንገድ የመጨረሻው ሰፊ የምሥራቅ–ምዕራብ መንገድ ነው፤ ከሱ ወዲያ ተራራ ነው። ላምበረት መናኸሪያ አገር አቋራጭ አውቶቡሶችን በዚሁ መንገድ ይልካል። በባቡሩ መንገድ ላይ ማቋረጫ ሲዘጋ የሚሸሸው መኪና ወደዚያ ቢገፋ፣ ከራሱ ጭነት ጋር የሰሜን አገሩን አውቶቡስና የጭነት መኪና ያገኛል። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያሉት የሰፈር ውስጥ መንገዶች ጠባብና ዳገታማ ናቸው፤ አንድ ሲኖትራክ ከገባባቸው ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ተለዋጭ መንገድ ሲመረጥ የመኪናው ዓይነት ይለይ፦ ከባዱ ከሩቅ፣ በዋናው መገንጠያ ላይ ይመለስ፤ ታክሲና የቤት መኪና በቅርቡ ይዙር፤ አምቡላንስና እሳት አደጋ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት የሚያልፉበት አንድ ቦታ ክፍት ይቆይ። ሁለት ተከታታይ ማቋረጫዎችን በአንድ ሳምንት መዝጋት በየትኛውም ምክንያት አይገባም።

ከመኪናው በፊት ሊታሰብ የሚገባው እግረኛው ነው፤ በምሥራቁ መስመር ላይ በሐዲዱ ደረጃ የቀሩት መሻገሪያዎች በአብዛኛው የእግረኛ ናቸውና። በምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር ላይ ጣቢያ ከጣቢያ በአማካይ 800 ሜትር ገደማ ይራራቃል። አንድ መሻገሪያ ሲዘጋ ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ለመድረስ እስከሚቀጥለው ሄዶ መመለስ 1600 ሜትር፣ ለጤነኛ ሰው ሃያ ደቂቃ ነው። በዊልቸር የሚሄድ፣ ሕፃን ያዘለች፣ ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክማ የወረደች ሴት ይህን መንገድ አትዞርም፤ አጥሩን ትሻገራለች ወይም ቆፋሪው በተወው ቀዳዳ ትገባለች። ሰው እንዳይገባ ቆርቆሮ ማቆም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ሥራው በግማሽ በግማሽ እየተከፈለ አንድ ወገን ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን፣ ካልሆነም ከጉድጓዱ ጥቂት ሜትር ርቆ ጊዜያዊ የእንጨት መሻገሪያ ከመብራትና ከጥበቃ ጋር እንዲዘጋጅ ያስፈልጋል። ባንዲራ የያዘ ሠራተኛ ከማንኛውም ሰሌዳ ይበልጣል፤ ሰው ሰሌዳ አያነብም፣ ሰው ግን ሰውን ይሰማል።

ጊዜውን መምረጥ የራሱ ጥበብ ይፈልጋል። ለቁፋሮ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ ወቅት ነው፤ ለትራፊክ የሚመቸው ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምት ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። መሬት የሚነካ ሥራ በበጋ፣ ሐዲድና ማሰሪያ ብቻ የሚለወጥበት በክረምት ቢከፈል ይሻላል፤ በሐምሌ የተከፈተ የመረሬ ጉድጓድ ኩሬ ይሆናልና። በበጋው ውስጥም የማይነኩ ቀኖች አሉ። በየካ ሚካኤልና በሲኤምሲ ሚካኤል አካባቢ ኅዳር 12 እና ሰኔ 12 ሕዝብ ይጥለቀለቃል፤ በጥምቀት ደግሞ የሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ጥር 12 በመሆኑ ሌላው ሰፈር ሲያርፍ የካ ገና በመንገድ ላይ ናት። የሾላ ገበያ የበዓል ዋዜማ ግርግርም አይዘነጋም። በእነዚህ ቀኖች ማቋረጫ መዝጋት ፈቃድ ቢኖረውም ሥርዓት የለውም።

ፈቃዱ ራሱ በብዙ እጅ ያልፋል። የቀላል ባቡር አገልግሎቱ፣ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን፣ የትራፊክ ማኔጅመንቱ መሥሪያ ቤት፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ክፍለ ከተማውና ወረዳው ሁሉም ያገባቸዋል። ከመሬት በታች ደግሞ የውኃና ፍሳሽ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ኬብልና የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ በቀበና መገናኛ ያለውን መንገድ ከሥር ከመሠረቱ ሲያድስ የታየው አንድ ቁም ነገር፣ መንገድ አንዴ ከተቆፈረ ሁሉም መሥሪያ ቤት የራሱን በአንድ ጊዜ ቢጨርስ እንደሚሻል ነው። ለማቋረጫም እንዲሁ ነው፤ ሐዲዱ በተነሳበት ሳምንት የውኃ ቧንቧው ይፈተሽ፣ ባዶ ቱቦም ለወደፊት ኬብል ይቀበር። ማስታወቂያውም በሬዲዮና በማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ ሳይቀር በመሻገሪያው ላይ፣ በታክሲ ተራው፣ በእድሮችና በትምህርት ቤቶች አስቀድሞ ይድረስ። ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ የሚዘጋበት ቀን፣ የሚከፈትበት ቀን፣ የሚታለፍበት ሌላ ቦታ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይጎድላል፤ እምነት የሚጠፋውም በሱ ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በአብዛኛውም የውጭ ምንዛሪ። ባቡሩ ሲጀመር የጉዞ ዋጋው እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ለተሳፋሪው ደግ ዋጋ ነው፤ ከሱ ግን ሐዲድ አይገዛም። የመለዋወጫ እጥረት ምን እንደሚያደርግ በባቡሮቹ ላይ ታይቷል፤ ከ41 ባቡሮች ሥራ ላይ የቀሩት ከግማሽ ያነሱበት ጊዜ መጥቷል። ባቡር ሲቆም ሌላው ይተካዋል፤ አንድ የሐዲድ ክፍል ሲቆም ግን የቀሩት ባቡሮች ሁሉ ይቆማሉ። ስለዚህ የሐዲድ እድሳት ከዕለታዊ ሥራ ማስኬጃ ጋር የማይቀላቀል፣ በየዓመቱ የሚጠራቀም የራሱ ሒሳብ ሊኖረው ይገባል። በአገር ውስጥ ሊሠራ የሚችለውም ብዙ ነው፦ ጠጠሩ፣ የኮንክሪት አግዳሚው፣ የማቋረጫው ንጣፍ፣ የብየዳው ሙያ። ከውጭ መምጣት ያለበት ሐዲዱ፣ ማስቀየሪያውና ማሰሪያው ናቸው፤ እነሱም ታዘው እስኪደርሱ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

የምሥራቁ መስመር ሃያ ዓመት የሚሞላው በ2028 ዓ.ም. ነው። የትኛው ጠመዝማዛና የትኛው ማቋረጫ ቀድሞ እንደሚለወጥ የሚለየው ፍተሻ፣ የሐዲዱ ግዢና የበያጆቹ ሥልጠና ከዚያ ዓመት በፊት ካላለቁ፣ የመዝጊያውን ቀን የሚመርጠው ብልሽቱ ይሆናል።